የወሰኑ ባሕር ዛፎች

ዝናቡ ቢቀድመንስ?

ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። የጎረቤቴ የማሜ ጋሪ በአስፋልቱ ዳር ወደ ሮቤ ይከንፋል። ፈረሱ ፊቱን ወደ ከተማው አድርጓል፣ እኔ ግን አንገቴን ጠምዝዤ የማየው ወደ ኋላ፣ ወደ ሳነቴ ነው። የተራራው ትከሻ ላይ ጥቁር ደመና ተጋድሟል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ እኛ የምንፈራው ውርጭ ነው እንጂ ዝናብን ማን ያስበዋል!

«ማሜ፣ ይኼ ደመና ወደ እኛ ነው የሚመጣው ወይስ ወደ ደሎ መና ይወርዳል?»

«አኮ፣ እኔ የምነዳው ጋሪ ነው፤ ደመና አልነዳም።» አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩም እንዲሁ ነው የሚጠራኝ።

«ቀልድ! የደረሰ ስንዴ ሜዳ ላይ አስቀምጠህ ቀልድ!»

«እና ላልቅስ? ባለቅስ እሱም ውኃ ነው፤ ስንዴውን ያረጥብብኛል።»

አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ ዙሀይራ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም። ሻሿን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረግሁላት፤ የጧት ብርድ በጆሮ ነው የሚገባ።

«አኮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እኮ ነው» አለችኝ።

አውቃለሁ። ጆሮዋ ግን ዕድሜዋን አያውቅም።

ዘመኑ 2006 ዓ.ም. ነው፣ ዋግ ስንዴውን የበላበት ዓመት። ዲገሉ የሚባለውን ዘር የዘራ ሁሉ ማሳው እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀልቶ ቀረበት። የእኛ የስድስቱ ጎረቤታሞች ማሳ ግን ተርፏል። የተረፈው በብልሃታችን እንዳይመስላችሁ። ከአስፋልቱ ዳር ያሉት ጎረቤታችን፣ ሃምሳ አለቃ ሸዋርጋ፣ ሌላ ዓይነት ዘር ከዘመዳቸው አስመጥተው በሐምሌ በቁና እየሰፈሩ ስላካፈሉን ነው። ሲያካፍሉ ሲያካፍሉ ለራሳቸው ሳይተርፋቸው ቀረና ማሳቸው ላይ ገብስ ዘሩ፣ ያውም ዘግይተው። የእኛ ስንዴ በታኅሣሥ ወርቅ ሲመስል የሳቸው ገብስ ገና አረንጓዴ ነው። ይህን ነገር ሳስበው እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል። ለምን እንደሚያቅተኝ ቆይቼ እናገራለሁ።

ማሳዎቻችን ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ድረስ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈዋል፣ እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ። መጀመሪያ የሃምሳ አለቃ፣ ቀጥሎ የኔ፣ ከኔ ኋላ የማሜ፣ ከሱ ኋላ የአራቱ። ኮምባይነር ወትሮ በጎን በኩል በአንድ ክፍት መሬት ነበር የሚገባልን። ዘንድሮ ከተማው እያበጠ እያበጠ መጥቶ ያንን መሬት በግንብ አጥሮት ቁጭ አለ። በእጅ እንዳናጭድ ማጭድ የሚይዝ ጎልማሳ የለም፤ ሁሉም ሮቤ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል። ደቦ ብንጠራ የሚመጡልን የኔ ቢጤ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነሱም ለወጉ እንጂ ለአጨዳው አይደለም። ስንዴው ካልገባ ደግሞ ዙሀይራ ጎባ የጀመረችው የነርስነት ትምህርት አበቃለት። አባት የላትም። ያላት እኔና ያ ማሳ ነን።

ማሜ «አንድ ለአምስት» ያሉት የዚያ ዘመን አደረጃጀት ተጠሪያችን ነው። ከብብቱ የማትለየው ደብተር አለችው፤ በየሳምንቱ «ተወያይተናል፣ ተግባብተናል» ብሎ ጽፎ ያስፈርመናል። በምን እንደተግባባን እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። ስድስት ወር ሙሉ እየፈረምን አንዲት የድንበር ሣር እንኳ አልነቀልንም።

ሮቤ ደርሰን ኮምባይነሩን አንድ ጋራዥ አጠገብ ቆሞ አገኘነው። ቀይ ነው፣ ቤት ያህላል። ባለሙያው ክብሩ የሚባል ከአዳማ የመጣ ሰው ነው፤ ቱታው በዘይት ጠቁሯል፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ ጨጨብሳ ይበላል።

«አከም ቡልቴ፣ ልጄ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ። ኦሮምኛው ከዚህ አያልፍም፣ በአማርኛ ይምቱኝ።»

ነገርኩት። ሰማኝና እጁን በቱታው ጠረገ።

«ስድስት ቁራጭ መሬት አልገባም። አንዱ ጋ ስዞር ሌላው ‹ድንበሬን!› ሲል ናፍጣዬ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው ኮምባይነር ሊመቱ መጡ።»

«እኛ እኮ አንድ ሆነናል» አለ ማሜ ደብተሩን ከብብቱ እያወጣ። «ይኸው፣ ሁሉም ፈርሟል።»

«እኔ ደብተር አላጭድም፣ ወንድሜ።»

ዙሀይራ ነች ነገሩን ያበረደችው። «ምን ቢሟላልህ ትመጣለህ?» አለችው ቁርጥ አድርጋ። ሰውየውም እንደሷው ቁርጥ አድርጎ መለሰላት። ከአስፋልቱ እስከ መጨረሻው ማሳ አንድ መንገድ፣ በመካከሉ ድንበር የሌለው፣ ወርዱ ሰባት እርምጃ። ከሰዓት መጥቶ ያያል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መግቢያ ካላገኘ ወደ ገሰራ ይሄዳል፤ እዚያ ሰፊ ማሳ እየጠበቀው ነው። ስልክ ቁጥሩን በቴክኖዋ መዘገበችና ወደ ጋሪው ተመለስን።

መንገዱን ሁሉ የተጨቃጨቅሁት ከማሜ ጋር ነው።

«ያንተንና የኔን የሚለየውን የድንበር ሣር ዛሬውኑ እንገለብጠዋለን» አልኩት።

«እሱ የፈረሴ እራት ነው!»

«ተጠሪ አይደለህ እንዴ? ሌላውን አስፈርመህ ራስህ ለሣር ትሟገታለህ?»

«ተጠሪው እኔ ነኝ፤ ፈረሱ አልፈረመም።»

ወላሂ፣ ከጋሪው ላይ ልገፈትረው ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ከኔ ማሳ ገለባ ልሰጠው ተስማማን። ከሱ ኋላ ያሉት አራቱም አንዱ «እሱ ካደረገ»፣ ሌላው «እሷ ከጀመረች» እያሉ እስከ ቀትር ድረስ አንገላቱኝ። አንዷ እንዲያውም «ድንጋዩን አንሥተን በኋላ ማን ይመልሰዋል?» ብላ ወሰኗ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። ዙሀይራ አንድ መላ አመጣች። ድንበሩ ጫፍና ጫፍ ላይ፣ ኮምባይነሩ በማይደርስበት ቦታ፣ እንጨት ተተከለ፤ አጨዳው ሲያበቃ ከእንጨት ወደ እንጨት ገመድ ተወጥሮ ወሰኑ ይመለሳል። ሴትዮዋም በርጩማዋን ይዛ ተነሣች።

የዙህር ሶላት ሲደርስ የሁሉም ድንበር ተገልብጧል። የቀረው ከኔ ማሳ ወደ አስፋልቱ ያለው ነው።

ሃምሳ አለቃ ሸዋርጋን በራቸው ላይ አገኘናቸው። ያ የጦር ሠራዊት ካፖርታቸው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ቁልፎቹ አልቀው በገመድ ይታሰራል። ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ። ሁልጊዜ ይነሡልኛል።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ረቢያ።»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንደምን ዋሉ፣ ሃምሳ አለቃ።»

ማሜ አገጩን እያከከ ስለ ኮምባይነሩ ነገራቸው። በገብሱ መካከል ማለፍ እንዳለበት፣ አረንጓዴ ገብስ ከተረገጠ እንደማይነሣ፣ ለጠፋው ስድስታችንም ከየማሳችን እህል እንደምናወጣላቸው። ሃምሳ አለቃ አላስጨረሱትም።

«ይርገጠው» አሉ። «ገብስ ነው፤ ሰው አይደለም።»

እፎይ ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው ከኔ ትከሻ በላይ አልፎ ሄደ። የሚያዩትን ሳልዞር አወቅሁት።

«እስከ ዛፎቹ ድረስ መንገዱን ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእርስዎ ነው» አሉኝ።

በኔና በሳቸው ማሳ መካከል አሥራ ሁለት ባሕር ዛፎች ቆመዋል። ግንዳቸው ጭን ያህላል። ጥላቸው በሳቸው ማሳ ላይ ይወድቃል፣ ሥራቸው የሳቸውን እርጥበት ይጠጣል። ከዛፎቹ ወዲያ አሥር እርምጃ ያህል ምንም ዘር አይዝላቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ «ቅርንጫፉን ብንመለምለው» ብለውኝ «የልጄ የዓብዱልፈታሕ ናቸው» ብዬ መለስኩላቸው። ሁለተኛ አላነሡትም።

«ዛፎቹን ማንም አይነካቸውም» አልኩ።

«አኮ!» አለ ማሜ።

«አይነኩም አልኩ። ፈታሕ ለልጁ ቤት ብሎ የተከላቸው ናቸው።»

«እኔ ቤት የምሠራው መቼ ነው?» አለች ዙሀይራ። «አራቱን እንቁረጥና ስምንቱ ይቅሩ። አባዬ ቢኖር...»

«አንቺ ዝም በይ!»

በሰው ፊት እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ፊቷ ተለወጠ፤ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አድርጋ ወደ ቤት ሄደች።

እንግዲህ ቆይቼ እናገራለሁ ያልኩትን ልናገር።

በ1997 መሬት ለክተው የይዞታ ደብተር የሚሰጡ ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ወሬው ከመለኪያው ገመድ ቀድሞ ደረሰ። ካንዱ ቆርጠው ለሌላው ይሰጣሉ፣ ባል የሌላት ሴት ማሳዋ ይሸራረፋል ተባለ። እኔ ደግሞ ባሌን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል ከአፌ አልወርድ አለ። የዚያን ጊዜ ከሸዋርጋና ከባለቤቱ ከወለተኢየሱስ ጋር አንተ፣ አንቺ ነበርን። በዚያው ሳምንት ወለተኢየሱስ ታመመችና ጎባ ሐኪም ቤት ተኛች፣ እሱም እግሯ ሥር ተቀመጠ። የቤታቸውን ቁልፍ የተውት ለኔ ነው። ላማቸውን የማልበው፣ ዶሯቸውን የማስገባው እኔ ነኝ።

ታዲያ የጎረቤቴን ቁልፍ በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ልጄን ዓብዱልፈታሕን ጠራሁት። የወሰኑን አምስት ድንጋዮች እዚያው ያሉበት ቅበራቸውና ካንድ እርምጃ በላይ ወደዚያ አልፈህ ባሕር ዛፍ ትከል አልኩት።

«እማ፣ የሰው መሬት ነው» አለኝ።

«የሰው የሚሆነው ገመዱ ሲለካው ነው» አልኩት።

ልጄ እናቱን ሁለት ጊዜ አይናገርም። ዶማውን ከበሩ ኋላ አነሣና ወጣ። ችግኞቹን አንድ አንድ እያለች ያቀበለችው ዙሀይራ ነች፣ አሥር ዓመቷ ነበር። «ለምንድን ነው?» ስትለው «ላንቺ ቤት» አላት። ምን ይበላት!

ለኪዎቹ መጡ፣ ገመዳቸውን በዛፎቹ ልክ ወጠሩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ሸዋርጋ ከጎባ ሲመለስ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ችግኞቹን ሲያይ በመስኮት አየሁት። አንዲት እርምጃ ተራመደ። ቆመ። ተመልሶ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ወተት የላክሁበትን ጮጮ አጥቦ አመጣልኝና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ረቢያ፤ ደክመውልኛል» አለኝ። እርስዎ አለኝ። እኔም «ምን አደረግሁልዎት» አልኩት። ዘጠኝ ዓመት እርስዎ እንደተባባልን አለን። ወለተኢየሱስ ስታርፍ ድንኳኑ ውስጥ ሰባት ቀን ተቀምጬ፣ ያኔም እርስዎ ነበርን።

ከተከላው ሁለት ዓመት በኋላ ልጄ የተሳፈረባት አይሱዙ ሳነቴ ላይ ተገለበጠች። ለዙሀይራ ከአባቷ የቀራት አንድ ፎቶግራፍና እነዚያ ዛፎች ናቸው። ጎባ ላሉት ጓደኞቿ ዛፎቹን በስልኳ እያሳየች «አባቴ ለኔ የተከላቸው» ስትል ሰምቻታለሁ። የተቀበሩት ድንጋዮችም ተቀብረው አልቀሩም። ዝናቡ አፈሩን ላጠው፣ ጀርባቸው ወጣ። በየክረምቱ ሰው ሳያየኝ አፈርና ገለባ የማለብሳቸው እኔ ነኝ። ዛፎቹ ከተቆረጡ ሰው ያንን ቦታ ይረግጠዋል፣ ያየዋል። ሲያየው ደግሞ «ረቢያ» አይልም፤ የተከለው ፈታሕ ነው። ሙት መልስ አይሰጥ።

ኮምባይነሩ በስምንት ሰዓት እየተንኳኳ መጣ። ክብሩ ወርዶ ገብሱን አየ፣ ዛፎቹን አየ፣ እኔን አየኝ።

«በወንዙ በኩል ዞረህ ብትገባስ?» አልኩት።

ወንዙ ድረስ ወስጄ ረግረጉን አሳየሁት። ጫማውን አንዴ አሳርፎ ሲነቅለው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«እናቴ፣ ኮምባይነር ነው፤ ጀልባ አይደለም።»

«ማጨጃው ተፈቶ በዛፎቹ መካከል...»

«እዚህ ፈትቼ እዚያ የምገጥመው በአንድ ቀን አይደለም።»

ይህን ስንባባል ካፊያ ጀመረ። ፊቴ ላይ ያረፈችው ጠብታ እንደ እሳት ነው ያቃጠለችኝ። ሁላችንም ወደኔ ቤት ሮጥን፤ ማሜ፣ ክብሩ፣ ሃምሳ አለቃም ከኋላ እየተራመዱ። አዛዥ ፊት እንጂ ዝናብ ፊት አልሮጥም ይሉ ነበር ድሮ።

ዙሀይራ መደብ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ይዛለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ጫማዋ ረጥቧል። አውልቂው ልላት ፈለግሁና ተውኩት።

ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሁላችንም ወደ ላይ እናያለን።

«ይቺ ቀላል ናት» አለ ክብሩ። «ንፋሱ በግማሽ ሰዓት ያደርቃታል። ኋላዋ ያለው ከመጣ ግን እኔም የለሁ፣ ስንዴያችሁም የለ። ዛላው ላይ እንዳለ ነው የሚበቅለው።»

«ስድስት ቤት በአራት ባሕር ዛፍ!» አለ ማሜ። ቀልዱ አልቋል። «አኮ፣ ሃምሳ አለቃ ዘሩን ሰጡን። ገብሳቸውን ሰጡን። እኔ እንኳ የፈረሴን ሣር ሰጠሁ። አንቺ እንጨት ትቆጥሪያለሽ? ስንዴው የሰው ልጅ ትምህርት ነው፣ የሰው ልጅ ጉሮሮ ነው!»

«አልቆጠርኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ንገሪን! ፈታሕን እኛም ቀብረነዋል። ቃሬዛውን በዚህ ትከሻዬ ነው የተሸከምኩት። ፈታሕ ጎረቤቱን የሚያስርብ ሰው አልነበረም፤ ስሙን አታበላሺበት!»

ስሙን አለ። ከሁሉ ነገር መርጦ ስሙን።

«ተዋቸው፣ ማሜ» አሉ ሃምሳ አለቃ። በሩ አጠገብ ቆመዋል፣ ካፖርታቸው ይንጠባጠባል። «ሰው የልጁን ተክል አልቆርጥም ቢል ነውር የለውም። እኔ በጓሮዬ በኩል፣ አጥሬን አፍርሼ...»

«የእርስዎ ጓሮም ከዛፎቹ ጋር ነው የሚገናኘው» አለ ክብሩ። «አይቼዋለሁ። ሌላ መንገድ የለም።»

ሰዓቱን አየ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ንዴቴ ወደ ማን እንደሚሄድ ጠፋኝ። በማሜ ልናደድ፣ እውነቱን ነው። በደመናው ልናደድ፣ አይሰማኝም። የሚያናድዱኝ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ምናለ አንድ ቀን ቢቆጡ! ምናለ አንዴ ቢሰድቡኝ!

«እሺ» አልኩ። «እሺ፣ አራቱን ቁረጧቸው።»

ማሜ «አላሁ አክበር» ብሎ ዘለለ። እኔ በልቤ የያዝኩት ሌላ ነው። በወዲያኛው በኩል ያሉትን አራቱን ይቆርጣሉ፣ ገለባ እበትንበታለሁ፣ ማንም ሳያይ ኮምባይነሩ ያልፋል፣ ያልፍልኛል ብዬ ነው።

ክብሩ ግን አልዘለለም።

«አንድ ነገር። ጉቶው ከመሬት እኩል ይቆረጥ። ደግሞ በዛፍ በተለየ ወሰን ላይ ድንጋይ አይጠፋም። ድንጋይ ካለ አሁን ንገሩኝ። እዚያች ላይ ማጨጃዬ ዝቅ እንዳለ ድንጋይ ከነካ ጥርሱ ይረግፋል፤ ያኔ የናንተም ስንዴ፣ የገሰራም ስንዴ እዚያው ቀረ። የኔም እንጀራ።»

«ምንም ድንጋይ የለም» አለ ማሜ። «ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ሣር ነው። ደብተሬ ላይ እፈርምልሃለሁ ብትፈልግ።»

«ሃምሳ አለቃ?» አለ ክብሩ።

ሃምሳ አለቃ ወለሉን አዩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያውቃሉ። ድንጋዮቹ የት እንዳሉ እንኳ ያውቃሉ። ግን አይናገሩም። እኔ ካልተናገርኩ ኮምባይነሩ ቢሰበርም አይናገሩም፤ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገሩ ሰው ናቸው።

«እኔ ከዛፎቹ በኔ በኩል ያለውን ነው የማውቀው» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህኛው በኩል ያለው የሳቸው ነው።»

ክብሩ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ማሜ መጥረቢያ ሊያመጣ እጁን ወደ በሩ ዘርግቷል።

«አለ» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ማሜ።

«ድንጋይ። አምስት ናቸው። ሁለቱ እዚያው መግቢያው ላይ ናቸው፣ ገለባ አልብሻቸዋለሁ።»

«አኮ፣ የምን ድንጋይ ነው?»

ዙሀይራ ስልኳን አስቀመጠች።

«የወሰን ድንጋይ ነው። እውነተኛው ወሰን እዚያ ነው። ዛፎቹ የቆሙት ካንድ እርምጃ በላይ አልፈው ነው፣ በሃምሳ አለቃ መሬት ላይ። መሬት ለኪዎቹ ሊመጡ ሲሉ... ያኔ ወለተኢየሱስ ታማ እነሱ ጎባ ሳሉ ነው ያስተከልኳቸው። ፈታሕ አይደለም። ፈታሕ ‹እማ፣ የሰው መሬት ነው› ብሎኛል። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ወላሂ፣ እኔ ነኝ።»

የቆርቆሮው ጠብታ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደቆመ አልሰማሁም። ማሜ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ክብሩ ነገሩ የሱ እንዳልሆነ ገብቶት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አውቃለሁ» አለ ሸዋርጋ።

ቆቡን አወለቀና በእጁ ያሽከረክረው ጀመር።

«አውቃለሁ፣ ረቢያ። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር፤ አንድ እርምጃ መሬት ምን አላት? ልክሰስ ብል ደግሞ የሚታሰረው ልጅሽ ነው፤ አንቺ አልነበርሽም የቆፈርሽ። ስለዚህ ተውኩት። መሬቱ አይደለም የቆጨኝ።» ቆቡን ማሽከርከሩን ተወ። «ቁልፌ እኮ በእጅሽ ነበር።»

አንቺ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኋት ቃል ነበረች፤ ስትመጣ ግን ከዱላ ከበደችኝ። ይቅር በለኝ ማለት እንዴት ቀላል ነበር፣ እንዴት አልወጣልኝም! ከሱ ይልቅ የፈራሁት መደብ ላይ ያለችውን ልጅ ነው።

«ዙሀይራ» አልኩ። «ልጄ፣ አባትሽ ‹ላንቺ ቤት› ያለሽ...»

ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። ባለቀሰች እወድ ነበር፤ እንባ ቢሆን እጠርግላት ነበር። እንደማታውቀው ሰው አንድ ጊዜ አየችኝና ተነሣች። የረጠበውን ጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ሻሿን በገዛ እጇ ወደ ጆሮዋ ሳበችና ከአገጯ ሥር ቋጠረችው። ሸዋርጋ መንገድ ለቀቀላት።

ከበሩ ኋላ እጇን ሰዳ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች መካከል ስትፈልግ፣ ብረቱ ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። የአባቷን ዶማ አወጣች። እጀታው ፈታሕ የያዘው ቦታ ላይ እንደተላገ ነው። ትከሻዋ ላይ አደረገችውና፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ ወደ ድንጋዮቹ ሄደች።